የዘገየው ትራምፔት

«እኔ እውነቱን ልናገር፣ ሰባተኛውን ነው የምወደው» አለ ዓሪፍ እንባውን በፎጣው ጫፍ እየጠረገ። «ከደሴ ተነስቼ ውርጌሳን እስካልፍ እሱን ብቻ ነው የምሰማው። እንቅልፍ ያባርራል፣ ወላሂ።»

ዓሪፍ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ተሳፋሪዎቹን መርሳ መናኸሪያ አውርዶ፣ ወደ ወልድያ ከመቀጠሉ በፊት ለሩብ ሰዓት ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነበር። ወንዶቹ የተቀመጡበትን የቅሬውን፣ የመንደሩን ዕድር ድንኳን አልፎ፣ የሟችን እናት በዓይኑ ሳያይ ላለመሄድ ወደ ቤት ዘለቀ። ቡርቱካን ፍራሽ ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። እስካሁን ለመጣው ሁሉ ራሷን ከመነቅነቅ በቀር ቃል አልተነፈሰችም። አሁን ግን ቀና አለች።

«ሰባተኛው የትኛው ነው?»

ዓሪፍ ሊያሳያት አፉን ከፈተ። አንድ ሁለት ድምፅ ካወጣ በኋላ ያለበት ቦታ ትዝ አለውና እጁን አፉ ላይ ጫነ። ግድግዳውን ይዘው የተደረደሩት ሴቶች አቀረቀሩ። የአንዷ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስቃ ይሁን አልቅሳ፣ ተሸፋፍናለችና አይታወቅም።

«አውፍ በሉኝ እናቴ፣ ረስቼው ነው።»

«ምን አጠፋህ፣ ልጄ የሠራው አይደል» አለች ቡርቱካን።

ከጎኗ የተቀመጠችው ልጇ ዓቢዳ የፍራሹን ክር በጣቷ ትመዝ ነበር። ሟቹ ናስር የሷ ታላቅ ነው፤ በአምስት ዓመት ይበልጣታል። የተቀበረው ያን ዕለት ጠዋት ነው። አሥራ አንድ ቀን ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ኩላሊቱ እምቢ ብሎ፣ ጎህ ሲቀድ ዐረፈ፤ ከቀትር በፊት አፈር ለበሰ። በእስልምና ሬሳ አይቆይም። ዓቢዳ «ብሶበታል» ተብሎ ሲደወልላት ከአዲስ አበባ ተነስታ፣ ሸዋ ሮቢት አድራ ደሴ ስትገባ አልጋው ባዶ ነበር። ተከትላ ውርጌሳ ስትደርስ የአጎቷ ልጅ ደወለና ከቀብር መመለሳቸውን ነገራት። «አብሽሪ» አላት። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አታስታውሰውም።

ለቅሶ ቤት የሟች ደግነት ይወራል። ለናስር ግን ሰው ሁሉ ይዞ የመጣው ስለ አልበሙ ያለውን አስተያየት ነበር።

አልበሙ «የሐራ ባቡር» ይባላል። ሐዲድ ተዘርግቶላት ባቡሯን ስለምትጠብቀው ስለ ሐራ ከተማ የሚያወራ ዘፈን አለበትና ስሙን ከዚያ ወሰደ። ናስር መርሳ ላይ ራዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገነ የሚኖር ሰው ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ከአራት ጓደኞቹ ጋር፣ ወልድያ ውስጥ ግድግዳዋ በአሮጌ ፍራሽ በተሸፈነች ክፍል ተዘግተው ዘጠኝ ዘፈን ቀዱ። ሙዚቃው ስካ ከሚባለው የጃማይካ ስልት ጋር የተዳቀለ ሮክ ነው፤ ጊታሩ ምቱን አይረግጥም፣ ከምቱ ኋላ ብድግ ይላል። በዚያ ላይ ትራምፔትና ሳክስፎን እየተጠራሩ ይሮጣሉ፤ ዜማው ግን አምባሰል ነው። ወሎ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ተገለበጠ፤ መጀመሪያ ሚኒባሶቹ፣ ቀጥለው ሰርግ ቤቶቹ፣ በኋላም አዲስ አበባ ሰማው። ኢንተርኔት ላይ ከተጫነ ደግሞ ጂዳና ጅቡቲ ድረስ ደረሰ። ሁለተኛ አልበም ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ። አልመጣም።

ለምን እንዳልመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዓቢዳ ግን አውቃለሁ ብላ ታምን ነበር፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትናገር የያዘችውም ይህንኑ ነው።

በላይነሽ ጎረቤት ናት፤ መንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን ትቸረችራለች። አንድ መሶብ እንጀራ ተሸክማ ገባችና ከቡርቱካን እግር ሥር ቁጢጥ አለች። ካለቀሰች በኋላ ወሬዋን ቀጠለች። የናስርን ዘፈን ሱቁ አጠገቧ ስለሆነ ስትፈልግም ሳትፈልግም ቀኑን ሙሉ ትሰማው ነበር። አስቸግሯት እንደኖረ አልደበቀችም።

«እግሬ ልነሳ ይላል፣ ሆዴ ደግሞ ይባባል» አለች። «የቱን እንደምሰማ አላውቅም። ሂሳብ ያሳስተኝ ነበር እኮ። አንድ ቀን ናስር፣ ወይ አስጨፍረን ወይ አስለቅሰን፣ መሃል ቤት አታቁመን ብየው ሳቀ።»

«ምን አለሽ?» አለች ቡርቱካን።

«መሃል ቤቱን ነው የምፈልገው አለኝ። ወንድምሽ እኮ» አለች ወደ ዓቢዳ ዞራ፣ «ሰው አይሰማም ነበር።»

ከሀብሩ ገጠር የመጡ አንድ ገበሬ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ሐሳባቸውን ሲሰጡ ድምፃቸው ቤት ድረስ ይሰማል። ባቡሩ ሳይመጣ ባቡር የዘፈነ ሰው ቸኩሏል ብለው መቀየማቸውን፣ ኋላ ግን በዘፈን ካልሆነ በሌላ እንደማይመጣ ሲገባቸው ይቅር እንዳሉት አወሩ። ወንዶቹ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ አንዱ «ኢና ሊላሂ» ሲል ሳቁ ተቆረጠ።

ዓቢዳ እያንዳንዱን ትሰማለች። እያንዳንዱ ሲናገር ደግሞ የራሷ ቃል ከደረቷ ይነሳል።

አልበሙ የወጣ ጊዜ ቱርክ ነበረች፤ ኢስኪሼሂር በምትባል ከተማ ስታቲስቲክስ ትማር ነበር። ናስር ዘጠኙንም ዘፈን በስልክ ላከላት። ትራም ውስጥ ሆና ከፈተችው። ተማሪዎች በሚያዘወትሩት ወንዝ ዳር ያለ ቡና ቤት ውስጥ ስካ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ፤ አርብ አርብ ታያቸው ስለነበር ሙዚቃውን አውቀዋለሁ ትል ነበር። የወንድሟን ስትሰማ አፈረች። የመርሳ ልጅ፣ የራዲዮ ጠጋኝ፣ የማያውቀውን የሩቅ ሰው ዘዬ የለበሰ መሰላት። እሷም ያኔ ከራሷ ላይ የመርሳን ዘዬ እያራገፈች ነበር፤ ምናልባት ያሳፈራት ያ ይሆናል። አራተኛው ዘፈን ላይ ስትደርስ ትራምፔቱ ከቦታው ዘግይቶ ገባ። አንዴ ሲሆን ስህተት ነው አለች። በየዙሩ ሲደጋገም ግን ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብላ ዘፈኑን ከመሃል ዘጋችው።

ማታውን ደወለላት። እንዴት ነው ሲላት ጥሩ ነው አለችው።

«ጥሩ ብቻ?»

«በጣም ጥሩ ነው አልኩህ እኮ።»

ከዚያ፣ «አንቺ እንኳን እውነቱን ካልነገርሽኝ ማን ይነግረኛል?» አለ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ በእርግጥ መልስ ፈልጎ የጠየቀ ይመስል ነበር።

በማግስቱ፣ አያሌው የሚል ስም አውጥታ፣ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል አካውንት ከፍታ፣ ከአልበሙ ሥር አስተያየት ጻፈች። እውነት ከማያውቁት ሰው ሲመጣ ይቀላል ብላ ነበር። እሱን የሚጠቅም፣ እሷንም የማያጣላ መንገድ ያገኘች መስሏት ነበር። ለጥፋው ወጣች። ከዚያ ሰዉ ምን ብሎ እንደመለሰላት ለማየት አልደፈረችም፤ ስትመረቅ ኢሜይሉ ተዘጋ፣ የይለፍ ቃሉም ጠፋ። ቃሉ ብቻ እዚያው ቀረ።

በሁለተኛው ቀን ሸሻይ ከወልድያ መጣ። ትራምፔቱን የነፋው እሱ ነው። አባቱ ከትግራይ መጥተው ወልድያ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ፤ ሸሻይ እዚያው ተወልዶ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ታቦት ሲሸኙ እያየ አደገና ትራምፔት የያዘው በፖሊስ ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው። ጥቁር ኮቱን ቆልፎ ድንኳኑ ውስጥ ረጅም ሰዓት ተቀመጠ። የሰፈሩ ሸህ አብዱልሐሊም ዱዓ ሲያደርጉ እጁን ዘርግቶ ከሁሉም ጋር አሚን አለ። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ የቡርቱካንን ጉልበት ሳመ።

«አንቱ ይበርቱ» አላት።

ዓቢዳ ሻይ ይዛለት ወደ ጓሮ በር ወጣች። ሁለቱም በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከተያዩ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበርና መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሥራዋ አወሩ። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ እንደሆነና ልትለቅ እንደምታስብ ነገረችው። የት ልትሄጂ ሲላት አላውቅም አለች። ከዚያ ስለ አልበሙ ጠየቀችው፤ በተለይ ስለ አራተኛው ዘፈን። ስትጠይቀው የሻይ ብርጭቆውን እንጂ ፊቱን አላየችም።

ሸሻይ ፈገግ አለ። የቀረጻውን የመጀመሪያ አራት ቀን በሙሉ ስህተት እየነፋ ነው የዋለው። ማለትም ልክ እየነፋ ነው የዋለው፤ የማርሽ ባንድ ሰው ነው፣ ምት ላይ መግባት ያውቃል። በገባ ቁጥር ናስር እጁን እያነሳ ያስቆመዋል። «ቶሎ መጣህ» ይለዋል። ስንት ልጠብቅ ሲለው ቁጥሩን አላውቀውም ይለዋል። በአምስተኛው ቀን ሸሻይ ትራምፔቱን ሳጥኑ ውስጥ አድርጎ ሊሄድ ተነሳ። ያኔ ናስር ተነስ አብረን እንሂድ ብሎ ሐራ አጠገብ ካለ ገጠር ለቅሶ ቤት ወሰደው። ሟቹን ሁለቱም አያውቁትም።

«ከወንዶቹ ጋር እንድቀመጥ አልፈቀደልኝም» አለ ሸሻይ። «ጎትቶ ከቤቱ ኋላ፣ ሴቶቹ ወጥ ከሚሠሩበት ጋ አስቀመጠኝ። ሴቶቹ እየሳቁብን ነበር። ሸሁ ከፊት ዱዓ ያደርጋሉ። ድንኳን ውስጥ ያሉት አሚን ይላሉ። መንገድ ዳር ያሉት ይቀበላሉ። ከኋላ ያሉት ሴቶች ግን ሸሁ ያሉትን አይሰሙም፤ ሩቅ ነዋ። የፊተኞቹን አሚን ሲሰሙ ነው እነሱም አሚን የሚሉት። ምን እንደተለመነ ሳያውቁ።»

ብርጭቆውን መሬት ላይ አኖረ።

«እዚህ ጋ ግባ አለኝ። ትራምፔቱ ዱዓውን አልሰማውም፣ አሚኑን ነው የሰማው አለኝ። ተመለስንና በአንዴ ቀዳነው።»

ከጓሮ የሽንኩርት ሽታ ይመጣል። ዓቢዳ ሁለተኛው አልበምስ ምን ሆነ ብላ ጠየቀችው።

ሰው የየራሱን ያወራል አላት ሸሻይ። ሸህ አብዱልሐሊም ስለገሠጹት ነው የሚል አለ፤ እውነት ነው በመጀመሪያው ዓመት ጠርተው ገሥጸውታል፣ ናስር ግን ከግሣጼው በኋላም ሦስት ዘፈን ቀድቷል። በጦርነቱ ጊዜ መሣሪያው ስለጠፋ ነው የሚልም አለ፤ እሱም እውነት ነው፣ ጊታሩም ድምፅ ማጉያውም አንድ ሳይቀር ጠፍቷል፣ ግን እሱ የቆመው ከዚያ በፊት ነበር።

«አንድ ሰው አለ» አለ ሸሻይ። «አያሌው የሚባል። ከአልበሙ ሥር የጻፈ። የሚሰድቡን ብዙ ነበሩ፣ ናስር ስድብ አይከብደውም፣ ይስቅበታል። ያንን ግን ልምምድ ከመጀመራችን በፊት ያነብልን ነበር። በመጀመሪያ እየሳቀ ነው። እየቆየ ሳይስቅ ማንበብ ጀመረ።»

«ያ ሰው ነው ያስቆመው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሰው በአንድ ነገር ብቻ አይቆምም። ባገኘው ግን አንድ ነገር እጠይቀው ነበር።»

«ምን ብለህ?»

«ስንት ጊዜ ሰማኸው ብዬ። አንዴ ነው የሰማው፤ ሁለቴ የሰማ ሰው እንደዚያ አይጽፍም።»

አንዴም አልሞላ፣ አለች ዓቢዳ በልቧ። ብርጭቆውን አንስታ ሌላ ሻይ ልታመጣ ገባች፤ ለረጅም ጊዜም አልተመለሰችም።

ያን ዕለት አመሻሽ ሸህ አብዱልሐሊም ሊሄዱ ከዘራቸውን ሲፈልጉ እሷ አቀበለቻቸው። ሸሁ ስለ አልበሙ ሲወራ ሁልጊዜ ወደ ሌላ ጎን የሚያዩ፣ አንዲቷንም ዘፈን ሰምቼ አላውቅም የሚሉ ሰው ናቸው። ዙሪያቸውን አይተው ጠጋ አሏት።

«ሦስተኛው ላይ የአባታችሁን ስም ያነሳል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎ ሸህ፣ ያነሳል።»

«በደግ ነው?»

«በደግ ነው።»

«ደግ» አሉና ሄዱ። ዓቢዳ ሲሄዱ ስታያቸው ቆየች። እሷ ራሷ ሦስተኛውን ዘፈን የሰማችው ትራም ውስጥ፣ የፌርማታ ስም በሚጠራ ድምፅ መሃል ነበር። የአባቷ ስም እንዳለበት ያወቀችው ከሰው ነው።

ሦስተኛው ቀን የማብቂያው ነው። ሶደቃ ተዘጋጀ፤ ሕዝቡ ከወልድያም ከውርጌሳም መጥቶ ድንኳኑ ሞልቶ ፈሰሰ፣ የተረፈው አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዓቢዳ ከእናቷ አጠገብ ተነሳችና ወደ ጓሮ ወጣች። ሴቶቹ ድስት ከበው ቆመዋል። በላይነሽ በወጥ ማማሰያ ትእዛዝ ትሰጣለች። ዓቢዳ ቢላ ተቀብላ ከሽንኩርት ላጮቹ መሃል ተቀመጠች፤ ማንም ለምን አላላትም።

የሸሁ ድምፅ ተሰማ። ቃሉ አይለይም፣ ከፍና ዝቅ ሲል ብቻ ይታወቃል። ድንኳኑ አሚን አለ። አስፋልቱ ተቀበለ። ያኔ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች፣ አንዷ ጨው እየበተነች፣ ሌላዋ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች፣ አሚን አሉ። ዘግይተው አሉ። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ አሚኑን ብላ ስታበቃ ምን አሉ ሸሁ ብላ ጠየቀቻት። ዓቢዳ አልሰማሁም አለቻት። ቀጣዩ ሲመጣ ከሴቶቹ ጋር አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣላትም። ሽንኩርቱ ለእንባዋ ሰበብ ሆናት።

ሰው ተሸኝቶ፣ ዓስር ተሰግዶ፣ የቅሬው ሰዎች የድንኳኑን ካስማ መንቀል ሲጀምሩ ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ። ቡርቱካን ሦስት ቀን ሙሉ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ሳትነሳ ስልክሽን አምጪ አለቻት።

«ለማን ልደውል?»

«ለማንም። ሰው ሁሉ እየመጣ የልጄን ሥራ ነገረኝ። መምጣት የማይችሉት ደግሞ እዚያ ውስጥ ይጽፋሉ ብሎኛል ሸሻይ። እሱን አንብቢልኝ። አንድ እንዳታስቀሪ።»

ቡርቱካን ፊደል አልቆጠረችም። ዓቢዳ ስልኩን ከፈተች። ብዙ ነው፣ ከሺህ ያልፋል አለቻት። ምን ሥራ አለኝ፣ አለች እናቷ።

ከላይ ያሉት የዚህ ሳምንት ነበሩ፤ ነፍስ ይማር፣ አላህ ይዘንለት፣ ጀነት ያግባው። ቡርቱካን ለእያንዳንዱ አሚን እያለች ቆየችና እነዚህ ስለ ሞቱ ነው፣ ስለ ሥራው ያሉትን አለች። ዓቢዳ ወደ ድሮዎቹ ወረደች። ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የሀብሩ ልጅ ሳህን ሳጥብ ነው የምሰማው፣ ውሃውን ከፍቼ እንዳይሰሙኝ አብሬ እዘፍናለሁ ብላ ጽፋለች። ቡርቱካን ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች ለማወቅ ፈለገች፤ ስም አልነበረውም። አንድ የቆቦ ሰው ይህ የሰርግ ነው ወይስ የምን ብሎ ጠይቋል። ሌላው ጊታሩ እንደ ባቡር ይሄዳል ብሏል። አንዱ ደግሞ ጩኸት ብቻ ነው፣ ቃሉ አይሰማም ይላል።

«እሱስ እውነቱን ነው» አለች ቡርቱካን። «እኔም ብየዋለሁ። አፍህን ከፍተህ ዝፈን ብየዋለሁ።»

ዓቢዳ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ጣቷ ሌላ መስመር ሲያወጣ ግን ስሙን አየችው፤ አያሌው። ሦስት መስመር ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ሌሎች የመለሱለት ታጥፎ ተቀምጧል።

መዝለል ይቻል ነበር። ጣትን አንዴ መግፋት ብቻ ነው፤ እናቷ አታውቅም፣ ማንም አያውቅም። ከታች ሌላ ደግ ቃል ይጠብቃል።

«ምነው?» አለች ቡርቱካን።

ዓቢዳ አነበበች። «አልበሙ የሰው ኮት ነው፤ እጅጌው ረዝሞበታል። አራተኛው ዘፈን ላይ ትራምፔቱ ዘግይቶ ይገባል። ሌላ ከመቅዳታቸው በፊት መቁጠር ይማሩ።»

ውጭ አንዱ ካስማውን በመዶሻ ይመታል።

«ይህን አውቀዋለሁ» አለች ቡርቱካን። «ራሱ አንብቦልኛል። እዚያ በሩ ጋ ቆሞ።»

«እማ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አያሌው ነው ያለኝ።»

«አያሌው እኔ ነኝ። ስሜን ቀይሬ ነው።»

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። ቁጣ ይመጣል ብላ የጠበቀችው ዓቢዳ ቁጣውን ፊቷ ላይ ፈልጋ አጣችው፤ የባሰ ሆነባት።

«ለምን ቀየርሽው?»

«እንዳይከፋው።»

«ከፍቶታል» አለች ቡርቱካን። ስለ ዝናብ የምትናገር ይመስል ነበር። «እህሉን ሳይጨርስ ነው ያን ቀን የተነሳ።»

ዓቢዳ ስልኩን ፍራሹ ላይ አስቀመጠች። ልታለቅስ ሞከረች፣ አልመጣላትም። እናቷ ስልኩን አንስታ መልሳ እጇ ላይ አኖረችው።

«ኋላ መልስ ጽፌለታለሁ ብሎኝ ነበር» አለች። «ምን ብለህ ብለው ሊነግረኝ አልፈለገም። መልሱ አለ?»

ዓቢዳ ታጥፎ የነበረውን ከፈተችው። መጀመሪያ የሌሎች ስድብ ነው፤ ደንቆሮ፣ ምቀኛ፣ ጆሮህን አስመርምር። ከዚያ የናስር ስም መጣ። ሰባት ዓመት እዚህ ቆይቷል። በዚህ ሰባት ዓመት ውስጥ እሷ አራት ጊዜ መርሳ መጥታለች፤ ሁለት ዒድ ከአንድ ትሪ አብረው በልተዋል።

«አትስደቡት ብሏል ለሰዎቹ» አለች። «ከዚያ እንዲህ ይላል። ወንድሜ አያሌው፣ ስለሰማኸን አላህ ይስጥልን። ዘግይቷል ያልከው ልክ ነህ፣ ዘግይቷል። መርሳ የመጣህ ቀን ግን ቤት ጎራ በል። አንድ ቦታ ይዤህ እሄዳለሁ፤ እዚያ ተቀምጠህ ስማውና ያኔ ያሰብከውን ትነግረኛለህ። እጠብቅሃለሁ።»

ቡርቱካን አሚን አላለችም። ወደ ልጇ ተጠጋችና የስልኩን መስታወት እያየች የትኛው ነው የሱ ብላ ጠየቀች። ዓቢዳ አሳየቻት። ቡርቱካን አውራ ጣቷን አምጥታ፣ የእህል ቅንጣት እንደምታነሳ በቀስታ፣ ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች። ጽሑፉ ከጣቷ ሥር ተንሸራቶ ወደ ላይ ሄደ። ደንግጣ እጇን ሳበች።

«ሄደ» አለች።

«አልሄደም እማ፣ አለ።»

ዓቢዳ መልሳ አመጣችው። የእናቷን እጅ ያዘችና ጣቷን ከመስታወቱ በላይ፣ ሳይነካ፣ ከወንድሟ ቃል ትይዩ አንጠልጥላ አቆመችላት። እንደዚያ ቆዩ። ብርሃኑ ሊጠፋ ሲደበዝዝ ዓቢዳ በሌላ እጇ የስልኩን ጠርዝ ነካ ታደርጋለች፤ ተመልሶ ይበራል። ሲደበዝዝ ደግሞ ትነካዋለች።